የሼክ ባቢክር በድሪ ሕይወትና የድካማቸው ፍሬ

ለሕዝብ ትምህርት ደክመው ካለፉት የጎረቤታችን የሱዳን ሰዎች መካከል ሼክ ባቢክር በድሪ መምህራን ሁሉ ሊያስቧቸው የሚገባ አባት ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሼክ ባቢክር በወጣትነታቸው የማህዲ ወታደር ነበሩ። በ1889 ዓ.ም. ከአልኑጁሚ ጦር ጋር ወደ ግብፅ ዘምተው፥ ጦሩ በቶስኪ ድል በሆነ ጊዜ ተማረኩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በኦምዱርማን በንግድ ሥራ ኖሩ። የማህዲያ መንግሥት በ1898 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ግን ፊታቸውን ወደ ማስተማር መለሱ፤ በ1903 ዓ.ም. ከአገራችን በሚወርደው በዓባይ ዳር በምትገኘው በሩፋዓ የወንዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ከዚህ በኋላ የሴቶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ፈቃድ ለመኑ። የእንግሊዝ ሹማምንት የሕዝቡን ቁጣ ፈርተው ቢከለክሏቸውም እርሳቸው ልመናቸውን አላቋረጡም። በ1907 ዓ.ም. ፈቃዱ ሲሰጣቸው በራሳቸው ቤትና በራሳቸው ገንዘብ እንዲሠሩ ብቻ ነበር። ትምህርቱም በጭቃ ቤት ውስጥ በ17 ልጃገረዶች ተጀመረ፤ ከነዚህም 9ኙ የገዛ ልጆቻቸው ነበሩ። ሰው ልጁን ወደ ትምህርት ቤት እንዲልክ ከመምከራቸው በፊት የራሳቸውን ልጆች አስቀደሙ፤ ነቀፌታው ቢመጣ አስቀድሞ በቤታቸው ላይ የሚወድቅ ነበርና።

የትምህርት ቤቶች ተቈጣጣሪ ሆነው ካገለገሉ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ነገር ግን አላረፉም፤ በሩፋዓ አህፋድ የተባለውን ትምህርት ቤት መሥርተው በ1932 ዓ.ም. ወደ ኦምዱርማን አዛወሩት። አህፋድ ማለት የልጅ ልጆች ማለት ነው። ሼክ ባቢክር በ1954 ዓ.ም. አረፉ።

ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ1966 ዓ.ም. በ23 ተማሪዎችና በ3 መምህራን የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከፈቱ፤ በ1995 ዓ.ም. ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያ ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ያገኙትን ወደ ገጠር ወርደው በሥራ እንዲፈትኑት ይደረግ ነበር፤ ምሩቃንም ለከፍተኛ ጥናት የሚቀጥሉበት መንገድ ተከፈተ።

በ2023 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በኦምዱርማን ላይ ብርቱ ጥፋት አድርሷል። ሆኖም ሼክ ባቢክር ሥራቸውን የጀመሩት በጭቃ ቤት ነበርና፥ የትምህርት መሠረቱ ሕንፃ አለመሆኑን ሕይወታቸው ይመሰክራል። እኛም ተማሪን አስመርቀን ከማሰናበት ይልቅ፥ በሙያው ጸንቶ ሌላውን እስኪያስተምር ድረስ ልንደግፈው ይገባናል።