ዕንባና መድረክ፦ የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ሕይወት

በሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን፣ ሕፃን ከእናቱ ጉያ ሲነጠቅ ወይም ንጹሕ ሰው ሲገደል በሸራው ላይ ስናይ፣ አንዳንዶቻችን ዓይናችንን እንጠርጋለን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ዕንባችን እንዳይታወቅብን እንስቃለን። መብራቱ ሲበራ ግን ሁላችንም የተዋናዮቹን ችሎታ እያወራን እንወጣለን። ለመሆኑ ያ ዕንባ የት ገባ? ይህን ጥያቄ ይዘን፣ አሳዛኝ ነገር መጻፍን እንደ ሙያ የያዙትን የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸውን ሕይወት በአጭሩ ልናቀርብ አስበናል።

መኰንን በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ፣ በተጉለት፣ አዲስጌ ተወለዱ። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው በዚያ አገር ለቅሶ የአደባባይ ነገር ነው። አልቃሽ የሟቹን ሙያ በግጥም ስትጠራ፣ ሟቹን በቅርብ ያላወቀው ለቀስተኛ እንኳ የራሱን ሟች አስታውሶ ያነባል። ነገር ግን ነገሩ በዕንባ አይቆምም፤ ከቀብር በኋላ እህል ውኃ ይዞ ኀዘንተኛውን ማስተዛዘን ይከተላል። አልቅሶ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይታማል። መኰንን ያደጉት በዚህ ልማድ መካከል ነው።

በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሩ። ኋላም በንግድ ሚኒስትርነትና በለንደን በመልእክተኛነት አገለገሉ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ በኦጋዴን ግንባር ተሰለፉ፤ ከዚያም ስደት ዕጣቸው ሆነና በኢየሩሳሌም ኖሩ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ መኰንን ይህንኑ ሞት «የደም ድምፅ» በተባለው ተውኔታቸው ጻፉት። የዚያን ዘመን ተመልካች ሁኔታ ልብ እንበል። ገና የአባቱን፣ የወንድሙን ኀዘን ያልጨረሰ ሕዝብ ነበር። መድረኩ ላይ የሚያየው ተረት ሳይሆን የራሱ ቍስል ነበር።

መኰንን እስከ 1950 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ከዚያም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሥልጣን ላይ ሳሉ ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ «አልሙት ብዬ አልዋሽም»ን፣ «የድሆች ከተማ»ን፣ «ጣይቱ ብጡል»ን የመሳሰሉ ድርሰቶችን ጽፈዋል። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሲመረቅ የታየው ተውኔት የእርሳቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ቤቱ በጣሊያን ጊዜ ሲኒማ ማርኮኒ ተብሎ የተጀመረ ነበር። ቀደም ሲል ሕዝቡ አንዱን ሲኒማ ቤት የሰይጣን ቤት ብሎ በሰየመበት ከተማ፣ ለፊልም የታሰበው ቤት በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተከፈተ ማለት ነው።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ስለ ተመኘ፣ ኦርዮንን ጦርነቱ በጸናበት ስፍራ አሰልፎ አስገደለው። ነቢዩ ናታን መጥቶ የአንዲት ብቸኛ በግ ባለቤት ስለሆነ ድኻ ነገረው፤ በጉንም ባለጸጋው ቀምቶ አረደበት። ዳዊት ይህን ሲሰማ በቍጣ ነደደ፣ በባለጸጋውም ላይ ፈረደ። ያ ባለጸጋ እርሱ ራሱ መሆኑ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ዳዊት ከእኛ የቀደመ ተመልካች ነው፤ ለድኻው ለማዘን አልቸገረውም፤ የቸገረው ራሱን በታሪኩ ውስጥ ማየት ነው። በሲኒማ ቤት የሚደርስብንም ይኸው ይመስለናል። ይህን ታሪክ በንጉሥ ኢዮቤልዩ ዕለት በመድረክ ማቅረብ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለታቸውን ግን አንሸሽግም። ሰዎቻቸው ብዙ ጊዜ ይሰብካሉ፤ ተመልካቹ ሊያለቅስ ሲል ምክሩ ይቀድምና ዕንባውን ያደርቅበታል። ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ አለ። ስለ ድሆች ከተማ የጻፈው እጅ የመንግሥትንም ደብዳቤ የሚፈርም እጅ ነበር። ማዘን ከበቃ፣ ከእርሳቸው ይልቅ ለማድረግ የተመቸው ማን ነበር? ከእኛም አንዳንዶቹ በዚህ አጥብቀው ይነቅፏቸዋል፤ ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

ራስ ቢትወደድ መኰንን በ1955 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ልጅ እንዳልካቸው መኰንን በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋራ ያለ ፍርድ ተገደሉ። አባትየው ይህን ትዕይንት ሳያዩ ማለፋቸው ምናልባት ምሕረት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሲኒማ ቤት ስንወጣ በር ላይ እጁን የሚዘረጋ ሕፃን እናገኛለን። በሸራው ላይ ቢሆን ኖሮ ባለቀስንለት ነበር። የተጉለት ለቀስተኛ ከዕንባው ቀጥሎ እህል ውኃ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የእኛስ ዕንባ ምን ተሸክሞ ይሄዳል?