የቴአትሩ ሰው በጨርጨር፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ አዋሽን ተሻግሮ፣ አሰቦትንና ሚኤሶን አልፎ፣ ዳገቱን ሽቅብ ከወጣ በኋላ ጭሮ ያደርሳል። ብዙ መንገደኛ ጭሮን የሚያውቃት በምሳ ቦታነቷ ነው። በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ጫት የሚገዛም ገዝቶ ጉዞውን ወደ ሂርና ይቀጥላል። አገር ጎብኚ ከሆነ ደግሞ ልቡ ያለው ከፊት ነው፤ ቁልቢ ገብርኤል፣ የሐረር ጀጎል፣ ማታ ማታ ጅብ የሚቀለብበት ቦታ። ምዕራብ ሐረርጌ ለእሱ በመኪና መስኮት የሚታይ ተራራ ብቻ ነው። ያ መንገደኛ ጭሮ ላይ አንድ ሰዓት ቢጨምር የማንን ታሪክ ሊሰማ ይችል እንደነበር እስቲ እንመልከት።

ሰውየው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ውድ አንባቢያን፣ ስማቸው ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይሆንም። የቴአትር ተማሪ በአገራችን በዘመናዊ መልክ የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፉ ሰው አድርጎ ያውቃቸዋል። የሕግ ተማሪ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ስላረቀቁ ያነሳቸዋል። የታሪክ ተማሪ ደግሞ በጄኔቭ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተከራከሩ መሆናቸውን ይናገራል። በያኔው ስሟ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ጭሮን የቆረቆሩ መሆናቸው ግን ከሁሉም ያነሰ የሚወራላቸው ሥራ ነው።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር በሚባል ቦታ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ እሳቸውም አብረው ሄዱ፤ ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት እንኳን አልሞላም ነበር። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየቭ ከተባለው የሩሲያ ሰው ጋር ወደ ሩሲያ ተላኩ። እዚያም በአንድ መኮንን ቤተሰብ ውስጥ አድገው፣ በሴንት ፒተርስበርግ በመድፈኛ ትምህርት ቤት ተማሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ቀጥሎም እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው የእርሻ ትምህርት ተማሩ። መድፍና እርሻን ተምሮ የተመለሰ ሰው ቴአትር ውስጥ ምን አገባው ያሰኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ዝግጅት ተጋብዘው ሄዱ። ቴአትር ተብሎ የቀረበው ግን ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው። እሳቸው በሩሲያና በፈረንሳይ አገር ቴአትር ምን እንደሆነ አይተዋል። ስለዚህ እውነተኛው ይህን ይመስላል ብለው ብዕራቸውን አነሱ። የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ዓመት 1913 ዓ.ም. ነው። መድረኩ የአዲስ አበባው ቴራስ ሆቴል፣ ተመልካቹም መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ።

ላይ ላዩን ሲታይ የአውሬ ጨዋታ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። አውሬዎቹ የተናገሩት ስለ አስተዳደር ብልሹነት፣ ስለ ጉቦና ስለ ኋላ ቀርነት ነበር። ተመልካቹም ቂል አልነበረም፣ ገብቶታል! ወሬው ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ ተውኔቱም በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ገና በተወለደበት ጊዜ አፉ ተያዘ ማለት ይቻላል። የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቁሞ መድረኩ የራሱ ቤት እስኪያገኝ ድረስ 1927 ዓ.ም. መድረስ ነበረበት።

ታዲያ ተክለ ሐዋርያት ተውኔታቸው ሲታገድ ነገሩን ተዉት? በእኔ አስተያየት አልተዉትም፤ ቦታውን ቀየሩት እንጂ። በ1910ዎቹ አጋማሽ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጨርጨር ያኔ በቡናው የታወቀ፣ የራስ ተፈሪ ግዛት የነበረ ደጋ ነው። አዲሲቱን ከተማም ለራስ ተፈሪ መታሰቢያ አሰበ ተፈሪ አሏት። ዓላማቸው ጨርጨርን ለሌላው ግዛት ምሳሌ የሚሆን አገር ማድረግ ነበር። ግብሩ ልክ ኖሮት በደንብ እንዲሰበሰብ፣ ሹሙ እንደፈለገ እንዳይወስድ፣ ሥራው በተማሩ ሰዎች እጅ እንዲገባ ፈለጉ። ማለትም በመድረክ ላይ በአንበሳና በቀበሮ አፍ የተቹትን ሹም፣ በጨርጨር በሥርዓት ሊያርሙት ሞከሩ። በኋላም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዚያው በጨርጨር ተሹመው እስከ ጣሊያን ወረራ ዋዜማ ድረስ ሥራውን ቀጠሉ።

እዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ መናገር ያስፈልጋል። አገሩ የኢቱ ኦሮሞ ነው። በምኒልክ ሠራዊት የተያዘው በ1870ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በዚሁ መንገድ ወደ ሐረር ሲኬድ የሚገኘው ጨለንቆም በ1879 ዓ.ም. ብዙ ደም የፈሰሰበት ቦታ ነው። ዛሬ መታሰቢያ ቆሞለታል። ተክለ ሐዋርያት የቱንም ያህል ለውጥ ፈላጊ ቢሆኑ፣ የተሾሙት ከላይ ነው፣ ሕዝቡ መርጧቸው አይደለም። ግብሩ ልክ ቢኖረውም ከፋዩ ያው ገበሬው ነበር። ከተማዋ ጭሮ በሚለው የኦሮምኛ ስሟ መጠራቷም የዚህ ታሪክ አካል ነው። አንዳንድ ሰው ስለዚህ ምክንያት ስማቸው ባይነሳ ይሻላል ሊል ይችላል። ቅርስ ማለት ግን ምስጋና ብቻ አይደለም። ጨለንቆ ቆሞ የሚሰማና ጭሮ ላይ ቆሞ የሚሰማ ጎብኚ ሁለቱን አስተያይቶ የራሱን ፍርድ ይሰጣል፤ አንዱን ብቻ የሰማ ግን ግማሽ ታሪክ ይዞ ቤቱ ይገባል።

የቀረው ሕይወታቸው ፈጣን ነው። በገንዘብ ሚኒስትርነት ሳሉ ሕገ መንግሥቱን የጃፓንን አርአያ አድርገው አረቀቁ፤ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ከዚያ ወደ አውሮፓ በዲፕሎማትነት ተላኩ። ከወልወል ግጭት በኋላ ጣሊያን ለወረራ ስትዘጋጅ በጄኔቭ የአገራቸውን ጉዳይ ይዘው ተሟገቱ። ጦርነቱ ሲብስ ወደ ጨርጨር ተመለሱ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ፣ መሄዳቸውን አጥብቀው ተቃወሙ፤ አገር ውስጥ ሆኖ መዋጋት ይሻላል ባይ ነበሩ። ያ የባቡር ሐዲድ የሚያልፈው ከጭሮ ዳገት በታች፣ በሚኤሶ በኩል መሆኑን ሳስበው ይገርመኛል። ከተማዋን በራስ ተፈሪ ስም የሰየሙት ሰው፣ እኒያው ተፈሪ ነግሠው በዚያው አገር አልፈው ሲሰደዱ አዩ።

እሳቸውም ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላም ቶሎ አልተመለሱም፤ ማዳጋስካርን ጨምሮ በውጭ አገር ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆዩ። ሲመለሱ ግን ሹመት ፍለጋ አዲስ አበባ አልተቀመጡም። ከጭሮ ቀጥላ በምትገኘው በሂርና እርሻቸውን ያዙ፣ የሕይወታቸውንም ታሪክ ጻፉ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በበኩላቸው «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት አበርክተዋል። አባት በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እንግሊዞች ስትራትፎርድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለቻቸው። ሼክስፒር የተወለደበት ቤት እዚያ ነው፤ ቱሪስቱም ይጎርፋል። ያ ቤት ግን ዝም ብሎ አልተረፈም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1847 ለጨረታ ሲቀርብ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ገዝቶታል። እኛ ብዙ ወጪ አያስፈልገንም። አንድ የቴአትር ቡድን የአውሬዎቹን ኮሜዲያ ጭሮ ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም ቢያሳየው ይበቃል። የእንስሳ ተረት በሁለቱም ቋንቋ ሞልቷል፣ ጉቦም ገና ከመካከላችን አልጠፋም። ምሳ ሊበላ የቆመው መንገደኛም ጎራ ብሎ ያያል። ቲኬት ከፍሎ ደግሞ!