ዡል ቬርንና ናውቲለስ የተባለው መርከብ

የዋልት ዲስኒ ድርጅት በ1954 ዓ.ም. ያወጣውን «20,000 ሊግ ከባሕር በታች» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው፥ ናውቲለስ የተባለውን ሰርጓጅ መርከብና አዛዡን ካፒቴን ኔሞን በቀላሉ አይረሳም። እኛም ግዙፉ የባሕር አውሬ በብዙ ክንዶቹ መርከቡን ሲጠመጥመው፥ መርከበኞቹም በማዕበል መካከል ሲታገሉት ባየን ጊዜ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሲኒማ ሳይፈጠር በሐሳቡ ያየው ፈረንሳዊው ደራሲ ዡል ቬርን ስለ ሆነ፥ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ዡል ቬርን በ1828 ዓ.ም. ናንት በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። ናንት በሎዋር ወንዝ ላይ ያለች ወደብ ስለ ነበረች፥ ልጁ ሸራቸውን ዘርግተው የሚሄዱትን መርከቦች እያየ አደገ። አባቱ የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ የበኵር ልጃቸውም ሥራቸውን እንዲወርስ ስለ ፈለጉ ሕግ እንዲማር ወደ ፓሪስ ላኩት። የልጁ ልብ ግን ወደ ድርሰት አዘነበለ።

እንዲህ ያለው ችግር ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። አባት አንድ ሥራ ሲመርጡ፥ የልጅ ልብ ደግሞ ሌላውን ሲመኝ ምን ማድረግ ይገባል? ቬርን ትምህርቱን አቋርጦ አልሸሸም። የሕግ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፥ በ1852 ዓ.ም. የአባቱን ሥራ እንደማይወርስ በግልጽ አስታወቃቸው። የመረጠው መንገድ ግን አቀበት ነበር። በመጀመሪያ በአንድ ቴያትር ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ በ1857 ዓ.ም. ካገባ በኋላም ቤተ ሰቡን ለማስተዳደር በፓሪስ የአክሲዮን ገበያ ሥራ ያዘ። ለዚህም የሚያስፈልገውን ገንዘብ የሰጡት እኒያው ቃላቸው ያልተፈጸመላቸው አባቱ ነበሩ። ማለዳ ተነሥቶ ይጽፋል፤ ቀን በገበያው ይውላል፤ ጊዜ ሲያገኝ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ስለ ጂኦግራፊና ስለ ሳይንስ ያነባል። በባሎን አፍሪካን ስለ ማቋረጥ የሚተርከው የመጀመሪያው ልብ ወለዱ በ1863 ዓ.ም. ሲታተም፥ ዕድሜው 35 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

የናውቲለስ ታሪክ በ1869ና በ1870 ዓ.ም. በመጽሔት በተከታታይ ወጣ። «20,000 ሊግ» የተባለው የባሕሩ ጥልቀት ሳይሆን የጉዞው ርዝመት ነው፤ አንዱ ሊግ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን 80,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በመጽሐፉ ውስጥ መርከቡ ለአገራችን ቅርብ በሆነው በቀይ ባሕር በኩል ያልፋል። ሰርጓጅ መርከብን የፈለሰፈው ግን ቬርን አይደለም፤ አሜሪካዊው ሮበርት ፉልተን በ1800 ዓ.ም. በእጅ ኃይል የሚሄድ ናውቲለስ የተባለ ሰርጓጅ ሠርቶ ነበር። ቬርን ያነበበውን ሁሉ አገናዝቦ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድ ታላቅ መርከብ አድርጎ አሰበው።

ከአሳታሚው ከኤትዝል ጋር ግን በኔሞ ምክንያት ተከራከሩ። ቬርን ኔሞን ሩሲያን የሚበቀል ፖላንዳዊ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ አሳታሚው እንቢ አለ። ደራሲው የኔሞን አገር መሰወርን ተቀበለ፤ የሰውዬውን ጠባይ ለመለወጥ ግን አልፈቀደም። አባቱን እንደ መለሰ ሁሉ አሳታሚውንም በአክብሮት፥ ነገር ግን በጽናት መለሰው።

በ1886 ዓ.ም. አእምሮው የታወከ የወንድሙ ልጅ በሽጉጥ እግሩን አቆሰለው፤ ከዚያ ወዲያ እያነከሰ ኖረ። ሆኖም መጻፉን አላቆመም፤ በሚኖርበትም በአሚየን ከተማ የምክር ቤት አባል ሆኖ አገለገለ። በ1905 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ ዐረፈ። ፊልሙ በወጣበት በ1954 ዓ.ም. አሜሪካኖች በአቶም ኃይል የሚሄደውን የመጀመሪያ ሰርጓጃቸውን ናውቲለስ ብለው ወደ ውሃ አወረዱት፤ እርሱም በ1958 ዓ.ም. በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር አለፈ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የተመኘነውን ሥራ ልንይዝ ብንፈልግ፥ በእጃችን ያለውን ትምህርት አስቀድመን እንፈጽም፤ የረጅም ዓመት ድካምንም አንፍራ። ወላጆቻችንም ልጃቸው በሌላ መንገድ ቢሄድ፥ እንደ ናንቱ አባት እጃቸውን እንዳያጥፉብን በትሕትና እንለምናለን።