አለቃ ደስታ ተክለ ወልድና የአገር ሰው ቃል

የአማርኛን ቃላት ሰብስበው በመዝገብ ካሰፈሩት ሊቃውንት መካከል አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በግንባር ቀደምትነት ይነሣሉ። የትውልድ አገራቸው በሸዋ፣ ወግዳ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ከበሰሉ በኋላ በድሬ ዳዋ ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍለ ጋር ተገናኝተው በግእዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ረዳታቸው ሆኑ። ይህ መጽሐፍ በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ ለአለቃ ኪዳነ ወልድ በዐደራ የተላለፈ ነበር። እርሳቸውም ሳያሳትሙት ስላረፉ ዐደራው በደቀ መዝሙራቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። አለቃ ደስታም የራሳቸውን ሥራ አላስቀደሙም። የመምህራቸው መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ የራሳቸው ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት የታተመው ከ14 ዓመት በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው።

የዚህ መዝገብ አርእስት ሥራው በካህናትና በአገር ሰው ቋንቋ መዘጋጀቱን ያመለክታል። ቁም ነገሩም ከዚህ ላይ ነው። የካህናቱ ቃል በብራና ተጠብቆ ኖሯል፤ የአገር ሰው ቃል ግን መጠጊያው አፍ ብቻ ነበር። ከዚህም ወገን ይበልጥ ለመጥፋት የሚቀርበው ከድምፅ የተወለደው ቃል ነው። ይህ ቃል አለ ከሚለው ግስ ጋር ተጣምሮ ይነገራል፤ እያደርም ስም ይወልዳል። ከጠብ ጠብታ፣ ከኮሽ ኮሽታ፣ ከሹክ ሹክሹክታ፣ ከፏ ፏፏቴ ተገኝቷል።

የዚህን ቃል ኃይል ለመመዘን የሚሻ፣ ከዚያው ከሸዋ ሳይወጣ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ የይፋትን ቆላ ያድምጥ። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሽላ ሲያፈራ ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ያባርራል። ጸሐፊው ጅራፉ በኃይል ጮኸ ቢል እውነት ተናገረ፤ ጅራፉ ጧ ሲል የወፉ መንጋ ቱር ብሎ ተነሣ ቢል ግን አንባቢውን ከማማው ላይ አወጣው። የደጋው ዝናብ በሮቢ ወንዝ ደራሽ ሆኖ ሲወርድም፣ ሿ እያለ መጣ ማለት ብዛቱንም ፍጥነቱንም በአንድነት ያሰማል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቃል እንደ ጨው በልክ ሲሆን ነው የሚያጣፍጠው፤ በየዐረፍተ ነገሩ ከተነሰነሰ ጆሮ ያደነቁራል።

አለቃ ደስታ ካረፉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ዐደራው ግን አልተፈጸመም። ተማሪው ከማሳው ይዞት የመጣውን የድምፅ ቃል፣ የባላገር ነው ብሎ በቀይ ቀለም የሚሰርዝ መምህር፣ አለቃው በመዝገብ ያቆሙትን ወገን ከደብተር ላይ ያስወጣል።