ከ36ቱ የትኞቹ? የሮድ ሰርሊንግ ሕይወትና ሥራ

የፈተና ወራት ሲቃረብ ለተማሪ ከጊዜ የበለጠ የሚወደድ ነገር የለም። በዚህ ወቅት 36 ክፍሎች ያሉትን የቴሌቪዥን ተውኔት ከዳር እስከ ዳር ተመልከቱ ብሎ የሚመክር ሰው ቢገኝ የተማሪ ወዳጅ አይባልም። አንዱ ክፍል 25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ሁሉን ለማየት 15 ሰዓት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለጓደኞቻችን አምስቱን ብቻ መርጠን ለማቅረብ ተነሣን። ሥራውን ስንጀምር ግን አንድ ነገር ተገለጠልን፤ ይኸውም የደራሲውን ሕይወት ሳያውቁ ፍሬውን ከገለባው መለየት አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ተውኔቱ «ዘ ትዋይላይት ዞን» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የድንግዝግዝ ክልል ብንለው ከሐሳቡ አንርቅም። በአሜሪካ ሲ. ቢ. ኤስ. በተባለው ጣቢያ ከኦክቶበር 2 ቀን 1959 ጀምሮ እስከ 1964 ድረስ በአምስት ዙር 156 ክፍሎች ታይተዋል፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በየሳምንቱ ታሪኩም ተዋንያኑም ይለወጣሉ፤ የማይለወጠው ታሪኩን የሚያስተዋውቀው ሰው ነው። እርሱም ሮድ ሰርሊንግ ነው። ከ156ቱ ክፍሎች 92ቱን የጻፈው ራሱ ነው። እኛ የምንመርጠው ከመጀመሪያው ዙር ብቻ ነው።

ሰርሊንግ ዲሴምበር 25 ቀን 1924 በኒው ዮርክ ግዛት በሲራኪዩስ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ያደገው ግን በዚያው ግዛት ቢንግሃምተን በምትባል ከተማ ነው። በከተማይቱ መናፈሻ ውስጥ ልጆች የሚቀመጡባቸው የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች ነበሩ፤ ያ መናፈሻ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከልቡ አልጠፋም። በ1943 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ወታደር ሆነና በ11ኛው የአየር ወለድ ክፍለ ጦር ተመደበ። በፊሊፒንስ ደሴቶች ከጃፓን ጦር ጋር ተዋጋ፤ ቆሰለ፤ ጓደኞቹ በዓይኑ ፊት ሲሞቱ አየ። አባቱ በ1945 ሲሞት ልጁ ገና ባሕር ማዶ ስለ ነበረና ፈቃድ ስላላገኘ ለቀብሩ አልደረሰም። ከጦርነት ሲመለስ ሌሊት ሌሊት በቅዠት የሚባንን ወጣት ሆኖ ነበር።

ለተመላሽ ወታደሮች መንግሥት ባቋቋመው የትምህርት ዕርዳታ በኦሃዮ ግዛት አንቲዮክ ኮሌጅ ገባና በ1950 ተመረቀ። በተማሪነቱ ዘመን ገንዘብ ስለ ቸገረው አዳዲስ ጃንጥላዎችን ከአውሮፕላን እየዘለለ በመሞከር ይከፈለው ነበር። ከእኛ መካከል ስለ ኪስ ገንዘብ ማነስ የሚያማርር ቢኖር ይህን ያስብ። ከዚያ በኋላ ቀን በራዲዮ ጣቢያ እየሠራ ማታ ማታ ለቴሌቪዥን ይጽፍ ጀመር። በጃንዋሪ 1955 «ፓተርንስ» የተባለው ተውኔቱ በታየ ጊዜ ስሙ በአንድ ሌሊት ገነነ። የዚያን ጊዜ ተውኔት የሚተላለፈው በቀጥታ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ እንደገና ይታይልን ባለ ጊዜ በወሩ ውስጥ ተዋንያኑ ተሰብስበው እንደ ገና ተጫወቱት። በ1956 ደግሞ ስለ አንድ ያረጀ ቡጢኛ የጻፈው ተውኔት ታላቅ ሽልማት አስገኘለት።

እንግዲህ ገና በሠላሳ ዓመቱ ክብርም ሀብትም አግኝቶ ሳለ ስለ ማርስና ስለ ጠፈር ወደ መጻፍ ለምን ዞረ? የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። በኦገስት 1955 በሚሲሲፒ ግዛት ኤመት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ በነጮች እጅ በጭካኔ ተገደለ፤ የተከሰሱት ሁለት ሰዎችም በዳኞች ጉባኤ ነጻ ተለቀቁ። ሰርሊንግ በዚህ ተቈጥቶ በ1956 አንድ ተውኔት ጻፈ። ለዝግጅቱ ገንዘብ የሚከፍሉት ኩባንያዎች ግን የደቡቡን ገዢ እንዳያስቀይሙ ፈሩ። ስለዚህ አገሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተዛወረ፤ የተገደለው ሰውም ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ባዕድ ሆነ። ሁለት ዓመት ቈይቶ በዚሁ ነገር ሌላ ተውኔት ቢጽፍ፣ ያም ወደ አለፈው መቶ ዓመት ተመልሶ ሟቹ የሜክሲኮ ተወላጅ ተደረገ። እንዲሁም ስለ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በጻፈው ተውኔት ውስጥ አባሎቹ የዘመኑን ጉዳይ አንድም ሳያነሡ እንዲከራከሩ ታዘዘ። ያን ጊዜ ሰርሊንግ ታሪኩን መቶ ዓመት ወደፊት ወስጄ የምክር ቤቱን አባሎች ሰው መሰል መኪናዎች ባደርጋቸው ኖሮ የልቤን በተናገርሁ ነበር ብሎ ቈጨው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅኔ ቤት የዋለ አባት ወይም አጎት ያለው ሁሉ ሰምና ወርቅን ያውቃል። ልዩነቱን ግን ልብ እንበል። በፊተኞቹ ተውኔቶች ሰሙን ያለበሱት ሌሎች ነበሩ፤ ስለዚህ ወርቁ ቀልጦ ጠፋ። በ«ትዋይላይት ዞን» ግን ሰሙን የሚሠራው ደራሲው ራሱ ሆነ፤ ስለዚህ ወርቁ ዳነ። የኩባንያው ሰው ስለ ጠፈር ሰዎች የተጻፈውን አንብቦ የሚቀየም ደንበኛ የለም ብሎ አሳለፈው፤ ተመልካቹ ግን ገባው። እኛም የምንመርጥበት ሚዛን ይኸው ነው፤ ከሰሙ በታች ወርቅ አለ ወይስ የለም?

አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድመን የምናቀርበው በማርች 1960 የታየውን የሜፕል መንገድ ጭራቆች ታሪክ ነው። በአንድ ሰላማዊ ሰፈር መብራት ይጠፋል፤ ከሰማይ የመጡ ጠላቶች በመካከላችን ተደብቀዋል የሚል ወሬ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤት ጎረቤቱን መመርመር ይጀምራል። መጨረሻውን አንናገርም፤ ነገር ግን ኤመት ቲልን የገደለውን የመንጋ ፍርድ ለማወቅ የሚፈልግ እዚህ ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ በፌብሩዋሪ 1960 የታየው የፊሊፒንሱ መኰንን ታሪክ ነው። ይህ መኰንን ነገ የሚሞቱት ወታደሮች ፊት ላይ ልዩ ብርሃን ያያል። ጸሐፊው በዚያ ምድር የተዋጋ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ተረት አይመለከተውም።

ሦስተኛ፣ በኦክቶበር 1959 የታየው፣ ሥራ ያሰለቸው አንድ ሰው በእግሩ ወደ ልጅነት ከተማው ሲሄድ ልጅነቱን በሕይወት የሚያገኝበት ታሪክ ነው። የቢንግሃምተን የእንጨት ፈረሶች በዚያ ይሽከረከራሉ፤ አባትም ከልጁ ጋር ይነጋገራል። አባቱን ሳይሰናበት የቀረ ልጅ ይህን ንግግር ለምን እንደ ጻፈ ማስረዳት አያሻንም።

አራተኛ፣ በኤፕሪል 1960 የታየው የቡጢኛውና የሕፃኑ ምኞት ታሪክ ነው። ዋነኞቹ ተዋንያን ጥቁሮች ናቸው፤ ይህም በዘመኑ ቴሌቪዥን እጅግ ብርቅ ነበር። ስለ ቀለም አንድ ቃል አይነገርም፤ ሰዎቹ እንደማንኛውም ሰው ተስፋ ያደርጋሉ፤ ተስፋም ይቈርጣሉ። በ1956 የተከለከለው ነገር በዚህ መንገድ በር ከፍቶ ገባ።

አምስተኛ፣ በኖቬምበር 1959 የታየው፣ ማንበብ የሚወድ ግን ጊዜ የተነፈገው የባንክ ጸሐፊ ታሪክ ነው። መነሻው የሊን ቬነብል አጭር ልብ ወለድ ሲሆን ለተውኔት ያዘጋጀው ሰርሊንግ ነው። አቶሚክ ቦምብ ዓለሙን ካጠፋ በኋላ ይህ ሰው ከመጻሕፍቱ ጋር ብቻውን ይቀራል። መነጽር የምታደርጉ ጓደኞቻችን ልባችሁን አጽኑ።

በአንጻሩ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ ሰው መሰል መኪና የተሠራውና ሚስተር ቤቪስ የሚባለው ክፍል ቢቀሩባችሁ አትጐዱም፤ ሰም ብቻ ናቸውና። እንዲሁም ሰርሊንግ በሌሎች ክፍሎች ሰሙን ረስቶ ሲሰብክ እናገኘዋለን። በየሳምንቱ የመጻፍ ጥድፊያ ያደረሰው ጉዳት መሆኑን ብንረዳም፣ ስብከት ተውኔት አይሆንም።

ከመካከላችን አንዳንዶች ይህ ሽሽት እንጂ ድፍረት አይደለም፤ እውነተኛ ጸሐፊ የሟቹን ስም ጠርቶ መናገር ነበረበት ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የኤመት ቲል ስም በእነዚያ 36 ክፍሎች ውስጥ የለም፤ ይህም ጉድለት ነው። ነገር ግን ሰርሊንግ መጀመሪያ በግልጽ ለመናገር መሞከሩን፣ ሰሙንም የያዘው በሩ ከተዘጋበት በኋላ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ዝም ማለትም ይችል ነበር፤ ዝም ለማለትም ጥሩ ይከፈለው ነበር።

የኋለኛው ዘመኑ እንደ ፊተኛው አልሰመረለትም። በተውኔቱ ላይ የነበረውን ድርሻ ለጣቢያው ሸጠ፤ ከዚያ በኋላ የተገኘው ብዙ ትርፍም አመለጠው። በ1968 በወጣው «ፕላኔት ኦቭ ዘ ኤፕስ» በተባለው ፊልም ድርሰት ተካፍሏል። ከ1970 ጀምሮ በታየው «ናይት ጋለሪ» ግን ስሙና ፊቱ ተፈለገ እንጂ ሐሳቡ ብዙም አልተሰማም፤ ሰሙን እንደ ገና ሌሎች ያለብሱት ጀመር። እርሱም በኢታካ ኮሌጅ ተማሪዎችን በማስተማር ይጽናና ነበር። ሲጋራ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበርና ልቡ ታመመ፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጁን 28 ቀን 1975 በ50 ዓመቱ ሞተ።

አምስቱን ለማየት ሁለት ሰዓት ይበቃል። የቀረውን ሰዓት ለፈተናችሁ አውሉት። ነገ ተመርቀን በየቢሮው ስንቀመጥና አንድ ጽሑፍ ይህ ይውጣ፣ ያ ይቅር እየተባለ ወደ ጠረጴዛችን ሲመጣ ግን፣ ስሙ የተሰረዘውን ያን የ14 ዓመት ልጅ እናስታውሰው።