ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ሐኪም ለመባል ስንት አገር ዞሩ?

ሳይካትሪስት እውነተኛ ሐኪም ነው ወይስ ዝም ብሎ መካሪ? እዚህ ካራቆሬም ሆነ ሸዋሮቢት ወጣቶች በዚህ ሲከራከሩ እንሰማለን። መልሱን ከአንድ ሰው ሕይወት ብንጀምረው ይሻላል ብለን አሰብን። ሰውዬው ሳይካትሪስት አልነበሩም። ግን ዘመናዊ ሕክምና ተምረው ሐኪም ለመባል የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ። (ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።)

ከካራቆሬ ተነስተን በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ ሰሜን ብንጓዝ መቅደላ አምባን እናገኛለን። በ1868 ሚያዝያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ እዚያ ራሳቸውን ሲሰዉ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘ። በዚያ ሁሉ ትርምስ መሀል ከወላጆቹ የተለየ አንድ የሦስት አራት ዓመት ልጅ ተገኘ። የጎንደር ተወላጁ ወርቅነህ ነበሩ። ቻምበርሌይን የሚባል የጦር መኮንን ወደ ህንድ ይዟቸው ሄደ። እሱ ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን አስተማራቸው። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ሁለተኛ ስማቸው የመጣው ከነዚህ ሁለት ሰዎች ነው።

አምሪትሳር በሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያ ላሆር ሕክምና ኮሌጅ ገብተው በ1882 ተመረቁ። ታዲያ አበቃ? አላበቃም። በዚያን ጊዜ በቅኝ ግዛቱ ሥርዓት ህንድ አገር ተምሮ የወጣ ሰው በአብዛኛው የሚመደበው በረዳትነት ነበር። እናም ስኮትላንድ ሄደው እንደገና ተምረው፣ እንደገና ተፈትነው የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ። ከዚያ በኋላ ነው በርማ ውስጥ የመንግሥት ሐኪም ሆነው የተመደቡት። ሐኪም የሚለው ስም በትምህርት፣ በፈተናና በፈቃድ የሚገኝ ነገር መሆኑን የሳቸውን ያህል የቀመሰ ጥቂት ነው።

በ1896 የአድዋ ድል ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ ልባቸው ወደ አገር ቤት ተሳበ። በ1899 መጡ። ዘመዶቻቸው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩአቸው። ግን አንድ ከባድ ችግር ነበር፤ አማርኛው ከአፋቸው ጠፍቷል። የገዛ ወገናቸውን ሕመም የሚሰሙት በአስተርጓሚ ነበር። ይቺን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በ1908 ደግሞ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው አዲስ አበባ ተመለሱ። አፄ ምኒልክንም አክመዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በስትሮክ አካላቸውና አንደበታቸው ተይዞ ነበር። በ1913 ሲያርፉ እንኳ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ብዙ ቆየ። ሕመምን መደበቅ በኛ ሰፈር ብቻ የተጀመረ አይደለም ማለት ነው።

ከ1919 በኋላ አገራቸው ተቀመጡ። በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፣ ጨርጨርን ገዙ፣ ጣሊያን ሲወረን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በ1937 ጣሊያኖች ሁለት ልጆቻቸውን፣ ቢንያምንና ዮሴፍን፣ ገደሉባቸው። እሳቸው በ1952 አረፉ።

ሳያዩት የቀረ አንድ ነገር አለ። እሳቸው ባረፉ በሁለት ዓመቱ፣ በ1954፣ በተወለዱባት ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ነው። ጠቅላላ ሐኪም አገር ውስጥ መማር ጀመረ። ሳይካትሪስትስ? እሱ ገና ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ሲያገለግል፣ እዚያ የሚሠራ ሳይካትሪስት ግን ባሕር ማዶ ተምሮ የሚመጣ ነበር። ልክ እንደ ወርቅነህ! አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው።

ይሄ ለምን አስፈለገ? ድብርትን የሚያሳይ ራጅ የለም። በደም ምርመራም ብቻውን አይታወቅም። የሳይካትሪስት ዋና መመርመሪያው ንግግር ነው። በኛ አካባቢ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ ይነገራል። አንዲት እናት ልቤ ፈራ፣ ሆዴ ባባ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ኑሮዋን የሚያውቅ ሐኪም ቶሎ ይገባዋል። የወርቅነህ የጠፋ አማርኛ እዚህ ጋ ነው የሚያስተምረን።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን። ሳይካትሪስት መጀመሪያ እንደማንኛውም ሐኪም ሕክምና ይማራል፣ ይመረቃል። ከዚያ ለዓመታት በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋል። ልክ እንደ ቀዶ ሐኪሙ ስፔሻሊስት ነው፤ መድኃኒት ያዛል፤ ሕመሙ ከእንቅርት ዕጢ ወይም ከሌላ የሰውነት ችግር የመጣ እንደሆነም ያጣራል። ሳይኮሎጂስት ግን ሌላ ሙያ ነው፤ በምክርና በንግግር ሕክምና ይረዳል እንጂ ሐኪም አይደለም። በትናንሽ ከተሞች ደግሞ መጀመሪያ የምታገኙት በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሊሆን ይችላል። ከባድ ሲሆን ወደ ስፔሻሊስት ይልካችኋል።

ይሄን ሁሉ የተማረን ሰው «የእብድ ሐኪም» እያልን ስናሾፍ የምንጎዳው እሱን አይደለም። እንቅልፍ ካጣ ወር የሆነውን፣ ሰው ያየኛል ብሎ በሩን የማይነካውን ጓደኛችንን ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ ሐኪም ጋ መሄድ ከሁለቱም አይጣላም። የታዘዘ መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ወርቅነህ ሐኪም ለመሆን ህንድና ስኮትላንድ ዞረዋል። እኛ የሚጠበቅብን ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ነው። አብሮ የሚሄድ ሰው ካስፈለገው፣ አብራችሁት ሂዱ።