አለን አርኖልድ ግሪፊዝ

አለን አርኖልድ ግሪፊዝ (1893 – 1963 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር። ቁሶች ለምን እንደሚሰበሩ በቀጫጭን የመስታወት ክሮች ሙከራ በማስረዳቱና በጄት ሞተር ንድፍ ይታወቃል። ከፋይበርና ከሙጫ የሚሠሩ ውሁድ ቁሶች ሲፈተኑ የሚያገለግለው የስንጥቅ ስሌት መነሻው የእርሱ ሥራ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያ ዓመታት

ለንደን ተወልዶ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ተማረ። በ1915 ፋርንቦሮ በሚገኘው የመንግሥት አውሮፕላን ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1917 ከጂ. አይ. ቴይለር ጋር፣ የሚጠመዘዝ ዘንግ ውስጥ ያለውን ጫና በሳሙና አረፋ ስስ ሽፋን የማወቂያ ዘዴ አቀረበ።

የመስታወት ክር ሙከራ

በዚያን ጊዜ አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ነበር። ከአተሞች ትስስር ተነስቶ ሲሰላ መስታወት ሊችለው የሚገባው ጫና፣ በሙከራ ሲጎተት ከሚበጠስበት ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። ግሪፊዝ ለዚህ ጥናት መስታወትን መረጠ፤ ብረት ከመሰበሩ በፊት ይሳባል፣ መስታወት ግን ድንገት ስለሚሰበር ነገሩን ለመለየት ይቀላል።

መስታወት እያቀለጠ፣ እየሳበ፣ የተለያየ ውፍረት ያላቸውን ክሮች በጭነት ሞከረ። 1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው በ170 ሜጋፓስካል ግድም ሲበጠስ፣ ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠነው የ3 ማይክሮሜትር ክር 3400 ሜጋፓስካል ያህል ቻለ። ያው መስታወት በመቅጠኑ ብቻ 20 እጥፍ ጠነከረ። ገና የተሳበ ክር ጥቂት ሰዓታት ሲቀመጥ ጥንካሬው እንደሚቀንስም አስተዋለ።

ምክንያቱ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ናቸው አለ፤ ቀጭን ክር ትልቅ ስንጥቅ የሚይዝበት ቦታ የለውም። ስንጥቅ ሲረዝም አዲስ ገጽ ለመፍጠር ኢነርጂ ይወጣል፤ በተወጠረው ቁስ ውስጥ የታመቀው ኢነርጂ ደግሞ ይለቀቃል። የሚወጣው በርዝመቱ ልክ ሲያድግ፣ የሚለቀቀው በርዝመቱ ካሬ ያድጋል። ስለዚህ ከተወሰነ ርዝመት በኋላ ስንጥቁ በራሱ ይሮጣል። ስንጥቁ 4 እጥፍ ከረዘመ ቁሱ የሚችለው ጫና በግማሽ ይወርዳል። ይህንንም ስንጥቅ ባበጀባቸው የመስታወት ቱቦዎችና ሉሎች ውስጥ ግፊት በመጨመር አረጋገጠ።

ጽሑፉ በ1921 ቢታተምም ለረጅም ጊዜ ብዙ ትኩረት አላገኘ። እንደሚነገረው፣ መስታወት ማቅለጫው ሳይጠፋ አድሮ ቤተ ሙከራው ውስጥ እሳት ከተነሳ በኋላ ግሪፊዝ ወደ ሞተር ሥራ ተዛወረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብየዳ የተሠሩ የብረት መርከቦች ተሰንጥቀው ለሁለት ሲከፈሉ ጉዳዩ እንደገና ተነሳ፤ አሜሪካዊው ጆርጅ ኧርዊንም ስሌቱን ለብረት እንዲሆን አሻሻለው።

ጄት ሞተር

በ1926 የተርባይንና የመጭመቂያ ምላጮች እንደ አውሮፕላን ክንፍ መቀረጽ እንዳለባቸው ጻፈ። የሚገርመው፣ ፍራንክ ዊትል የጄት ሞተር ሐሳቡን ይዞ ሲመጣ አያዋጣም ካሉት አንዱ ግሪፊዝ ነበር። የዊትል ሞተር በ1941 አውሮፕላን ይዞ በረረ። ሆኖም በኋላ በትልልቅ ሞተሮች ላይ የጸናው ግሪፊዝ የደገፈው፣ አየሩ በዘንጉ አቅጣጫ የሚያልፍበት መጭመቂያ ነው። ከ1939 እስከ 1960 በሮልስ ሮይስ ሠርቶ በ1963 አረፈ።

በውሁድ ቁሶች ፍተሻ

ጥንካሬ ያለው በቀጭን ክር ውስጥ ከሆነ፣ ብዙ ክሮችን በሙጫ ማያያዝ ያዋጣል፤ አንዱ ቢበጠስ ጭነቱ ወደ ጎረቤቶቹ ይተላለፋል። ደካማው ጎን በንብርብሮቹ መካከል ያለው ሙጫ ነው። ለዚህ ፍተሻ ከጫፉ በኩል አስቀድሞ የተላቀቀ ጠፍጣፋ ናሙና ከሁለት ወገን እየተሳበ፣ ስንጥቁ በተራዘመ ቁጥር የሚለቀቀው ኢነርጂ ይለካል። የዚህ መጠን ምልክት «ጂ» የተወሰደው ከግሪፊዝ ስም ነው።

ጠንካራው የካርቦን ፋይበር በ1960ዎቹ የተሠራው እዚያው ፋርንቦሮ ነው። ሮልስ ሮይስም አርቢ211 ለተባለው ሞተር የፊት ምላጮችን ከዚሁ ቁስ ሠራ። ክሩ ጠንካራ ቢሆንም በ1970 በተደረገው የወፍ ግጭት ሙከራ ምላጮቹ ተሰባበሩ፤ በቲታኒየም ተተኩ። የሞተሩ ወጪ እየናረ ሄዶ ኩባንያው በየካቲት 1971 ከሰረ፣ የብሪታንያ መንግሥትም ወረሰው።